የማኅተም ቀለም

ጅማ ላይ ሰማዩ በውኃ አይሰስትም፣
ቧንቧው ግን እንደሱ ለጋስ አይደለም፤
በሳምንት ሁለቴ፣ ሌሊት ነው የሚመጣ፣
እንደ ሌባ ገብቶ እንደ ሌባ የሚወጣ።

ቤቴ ቆጪ ሰፈር፣ ከአዌቱ ማዶ፤
አከራዬ አባ ዝናብ፣ ሮቷቸው ግን ባዶ፤
ሦስት ቤት እንጠባለን ያንኑ አንድ ሆዱን፤
ሌሊት ሞልቶ ጠዋት ደረቀ። ማን ይፍታ ጉዱን?

እኔ ፍርድ ቤት ነው ሠላሳ ዓመት ያረጀሁት፣
መዝገብ ቤት ቁጭ ብዬ ማኅተም የመታሁት።
የስንቱን አውራ ጣት በእጄ ይዣለሁ፣
"እዚህ ጋ፣ ጫን አርጊው፣ አይዞሽ" ብያለሁ፤
ሐምራዊ ክብ ጥለት ወረቀቱ መሐል፣
ስሙን የማይጽፍ ሰው በዚያ ቃሉን ያስራል።
ጡረታ ስወጣ ካንድ ብልቃጥ ቀለም
በቀር የወሰድኩት የመንግሥት ዕቃ የለም።

እናም ፍርድ ልማዴ ነው። መፍቱሃን ከሰስኩ፤
የሰው ልብስ ታጥባለች፣ ይህን ማስረጃ አልኩ።
የሆቴል አንሶላ ገመድ ትሞላለች፣
"ሌሊት እየነሳች ሮቶውን ትቀዳለች!"
ለአባ ዝናብ አሰማሁ፣ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣
ጠበቃም፣ ዳኛም እኔ፣ እኔው አቤት ባይ፣ እኔው መልእክተኛ።
አልተከራከረችም። ጀሪካን ተሸክማ
ወደ ቦኖ ወረደች፣ ገና በጨለማ።

አንድ ሌሊት ታዲያ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣
ቆርቆሮው ዝም ሲል፣ አንድ ድምፅ ተጣራ፤
ሽ... ብሎ ይቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል፣
ማንም ሳይቀመጥበት ሽንት ቤቴ ይሞላል።
ስንት ወር ሰምቼው
ዝናብ ነው ብያለሁ!

ባትሪ ይዤ ገባሁ፣ ክዳኑን አነሳሁ።
ኳሱ ይንሳፈፋል፣ ደህና ከፍ ብሏል፣
ሰንሰለቱም ላላ ብሎ ተንጠልጥሏል፤
ከትርፍ ማስወጫው ቱቦ ውኃው አልደረሰም፣
ከላይ የሚያመልጥ አንድ ጠብታ የለም።
ታዲያ ማነው ጠጪው?
ምስክር ቢጠፋ ያ ብልቃጥ ትዝ አለኝ፣
ክዳኑ ደርቆ ነበር፣ በጥፍሬ ስፍቀው አውራ ጣቴን ነከረኝ።

ሦስት ጠብታ ጣልኩ፤ ሳጥኑ ሐምራዊ ሆነ፤
ሳልለቅ፣ ሳልነካ፣ ተቀመጥኩ ባልዲ ገልብጬ።
ሩብ ሰዓት ሳይሞላ፣ በነጩ ሸክላ ላይ
ቀጭን ሐምራዊ ክር ወረደ ከላይ፤
ያለ ይግባኝ።

ግርጌ ላይ ክብ ጎማ፣ ዳር ዳሩ ተጣሞ፣
አተላ ለብሶ ኖሯል እዚያው ተጋድሞ፤
ልክ እንደኔ አርጅቶ፣ ልክ እንደኔ ለፍላፊ፣
አፉን ገጥሞ ማደር ያቃተው ቀጣፊ።

ሂርማታ ወርጄ ጎሚስታ ፈለግሁ፣
ከባጃጅ ከመነዳሪ በልኩ አስቆረጥሁ፤
በሽቦ አሰርኩት። ሞላ። ዝም አለ። ቆየሁ።
ደግሜ ቀለም ጣልኩ፤ ሸክላው ነጭ ነው፣ አየሁ።

በፈረቃው ማግስት መፍቱሃ ጠዋት መጥታ
ሮቶውን በጣቷ ኳ ኳ አርጋ መትታ፣
ድምፁ ወፍራም ነበር፤ ደገመችው። ሙሉ።
እኔ በሩ ጋ ቆሜ፣
"የተከሳሿ መዝገብ፣ የከሳሹም ቃሉ..."
እያልኩ ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፋኝ ውሉ።
እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ እንደ ልጅ።

"ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ምነው? ያሳዩኝ ያንን እጅ።"
አውራ ጣቴን ይዛ ወደ ፀሐይ አዞረች፣
የልብስ ሳሙናዋን ፈትጋ ፈትጋ ተወች።
"ኦሞም አያስለቅቀው፤ አውቀዋለሁ ይሄን፤
እናቴ ፈርማ ስትመጣ፣ ስትሸጥ መሬቷን፣
ሊጥም ስታቦካ፣ ስትሰግድም የሚታይ፣
ሳምንት ነበር እጇ ላይ የሚቆይ።"

የማን እጅ እንደያዛት አልጠየቀችኝም።
ሌላ ቃል አጣሁኝ።
"ይቆይ" አልኳት፣ "ይቆይ።"